ትንንሾቹ መኪኖች የአዲስ አበባን መንገድ እንዴት ወረሱ

አንድ መኪና ሁለት ዋጋ አለው። የመጀመሪያው ገዥና ሻጭ ተስማምተው የሚፈራረሙበት ገንዘብ ሲሆን፣ ሁለተኛው መኪናው በባለቤቱ እጅ እስካለ ድረስ በየዕለቱና በየወሩ የሚወጣው ነው፤ ነዳጁ፣ የሞተር ዘይቱ፣ ጎማው፣ መለዋወጫው፣ የመካኒኩ ክፍያ፣ የመድን ዓረቦኑ፣ በየዓመቱ ከምርመራ በኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ፣ በመጨረሻም መኪናው ሲሸጥ ከመግዣው የሚጎድለው ገንዘብ ተደምረው የማስተዳደሪያ ወጪ የሚባለውን ይሰጣሉ። የቅንጦት መኪና ከተራው መኪና የሚለየው በመጀመሪያው ዋጋ ብቻ ይመስላል እንጂ፣ ልዩነቱ እየሰፋ የሚሄደው በሁለተኛው ነው። የአዲስ አበባን ያለፈ መቶ ዓመት ለሚመረምር ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየዋል፤ ትልቁና ውዱ መኪና በአብዛኛው የኖረው ወጪውን ቤተ መንግሥት፣ የመንግሥት ግምጃ ቤት ወይም የቀረጥ ነፃ መብት እየሸፈነለት ሲሆን፣ ሰው ከገዛ ኪሱ ከፍሎ ያቆየው ግን ትንሹን መኪና ነው። ስለዚህ የፊያት 600፣ የቮልስዋገን፣ የላዳና የቪትስ ታሪክ የከተማዋ ደመወዝተኛና ነጋዴ በየዘመኑ አቅሙ እስከ የት ይደርስ እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ ነው።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ከነወጪው የንጉሥ ንብረት ነበር። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለውን መኪና ይዞ ከባሕሩ ዳርቻ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ሌላ መኪና አመጣ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ለአዲስ ነገር በነበራቸው ፍቅር መኪናውን በደስታ ተቀበሉት። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበርና ቤንዚን፣ ዘይትና መለዋወጫ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው በጭነት ከብት ጀርባ ነበር። ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ መኪና ማስመጣቱ ቢቀልም፣ ነዳጁን፣ ባለሙያውንና ጥገናውን አንድ ላይ ሊያሟላ የሚችለው ቤተ መንግሥቱ፣ ጥቂት መሳፍንትና መኳንንት፣ የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖችና ታላላቅ ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን ቆጣቢ መኪና የሚባል ሐሳብ ቦታ አልነበረውም፤ መኪና መያዝ በራሱ ቅንጦት ነበር።

ሁኔታውን የለወጠው የጣሊያን ወረራ ሲሆን፣ ለውጡ የመጣው በግፍ መሆኑን ሳይዘነጉ ውጤቱን መመዝገብ ያስፈልጋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት አምስት ዓመታት ወራሪው ጦሩን ለማንቀሳቀስ መንገዶችን ዘረጋ፤ በመንገዶቹም ላይ ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖችን አሰማራ፤ እነዚህን የሚጠግኑ ጋራዦችም ተከፈቱ። ከነፃነት በኋላ በአገሪቱ የቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮች ጋራዦቻቸውን ይዘው ሲቀጥሉ፣ በረዳትነት የቀጠሯቸው ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሞያውን እያዩና እየነኩ ተማሩት። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ የተጨረመተ ፓራፋንጎ የሚያቃናው ባቲላሜራና ፍሪሲዮን የሚቀይረው መካኒክ የከተማዋ ቋሚ ባለሙያዎች የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። የዚህ ፋይዳ በወቅቱ ከሚታየው በላይ ነበር፤ አንድ መኪና በአንድ ከተማ ውስጥ ርካሽ ሆኖ የሚኖረው አካሉን ፈትቶ የሚያውቅ እጅ በአቅራቢያው ሲገኝ ነውና፣ የአዲስ አበባ እጆች መጀመሪያ የተካኑት በቀላልና ባልተወሳሰበ የአውሮፓ ሞተር ላይ ሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበሩት ዓመታት በአውሮፓ የትንሽ መኪና ዘመን ነበሩ። ነዳጅ ውድ ነበር፤ በርካታ መንግሥታትም መኪናን የሚቀርጡት በሞተሩ መጠን ነበር። የሞተር መጠን በሲሲ ይለካል፤ ሲሲ ማለት ፒስተኖቹ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ሲመላለሱ የሚጠርጉት ቦታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲሰፈር የሚገኘው ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየርና ነዳጅ ይጨምራል። ኢንጂነር ዳንቴ ጃኮሳ ለፊያት የነደፈው ፊያት 600 በ1955 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሞተሩ 633 ሲሲ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን አራት ሰዎችን ከነዕቃቸው ይጭን ነበር። ፈርዲናንድ ፖርሽ ከጦርነቱ በፊት የነደፈውና ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር ጠባቂነት ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማምረት የቀጠለው ቮልስዋገንም መጀመሪያ 1,131፣ በኋላም 1,192 ሲሲ ሞተር ነበረው። በ1956 እ.ኤ.አ. የስዊዝ ቦይ ቀውስ የነዳጅ አቅርቦትን ሲያስተጓጉል እንግሊዞችም ፊታቸውን ወደዚሁ አቅጣጫ አዙረው በ1959 እ.ኤ.አ. 848 ሲሲ ሞተር ያለውን ሚኒ አወጡ።

እነዚህ መኪኖች አዲስ አበባ ሲደርሱ የተቀበላቸው መልክዓ ምድር ለትንሽ ሞተር የማይመች ይመስላል፤ በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተርም በዚህ ከፍታ ላይ ጉልበቱን ወደ ሩብ ገደማ ያጣል። ካርቡራተር አየርና ቤንዚን የሚቀይጠው የሞተር ክፍል ነው፤ በባሕር ጠለል ተመጥኖ የተሠራው ካርቡራተር በስስ አየር ውስጥ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ስለሚያፈስ፣ ትልቁ ሞተር ጉልበት ቢተርፈውም ያንን ያህል ቤንዚን በከንቱ ያቃጥላል፤ ትንሹም ያባክናል፤ ነገር ግን የሚያባክነው ከጥቂት ላይ ነው። በዚህ ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ ከሸለቆ ወደ ደጋ በሚወጣው ረጅም ዳገት ላይ ራዲያተራቸው የፈላ መኪኖች መንገድ ዳር ቆመው ሲታዩ፣ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዘው ቮልስዋገን ግን የሚፈላ ውሃ አልነበረውም። ሞተሩ ከኋላ መቀመጡም ክብደቱን መኪናውን በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለሚያሳርፈው በጭቃና በጠጠር ላይ አጥብቆ ይይዝ ነበር። ፊያት 600 ውሃ ቢያስፈልገውም በኋላ ሞተርነቱ ከቮልስዋገን ጋር አንድ ነው።

በዚሁ ዘመን ትልልቆቹ መኪኖችም በከተማዋ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ ሮልስ ሮይስን ጨምሮ ለክብረ በዓልና ለመንግሥት እንግዳ አቀባበል የሚሆኑ መኪኖች ነበሩት፤ የባለጸጎችና የኤምባሲዎች የአሜሪካና የጀርመን መኪኖችም በአራት ኪሎና በፒያሳ ይታዩ ነበር። የሁለቱን ዓይነቶች ወጪ ለማነጻጸር የሞተሮቹን መጠን ማየት ይበቃል፤ በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የካዲላክ ሞተር 6.4 ሊትር ይይዝ ነበርና አሥር ፊያት 600ዎች አንድ ላይ ቢደመሩ የሚደርሱበት መጠን ነው። እንዲህ ያለው መኪና በከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር ቤንዚን 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ቮልስዋገን ወደ 13 ኪሎ ሜትር፣ ፊያት 600 ደግሞ ከዚያም በላይ ይሄድ ነበር። ስለዚህ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በቮልስዋገን 77 ሊትር ገደማ ሲያቃጥል በትልቁ መኪና ከ165 ሊትር በላይ ማቃጠሉ አይቀርም ነበር፤ ይህም ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ የመሥሪያ ቤት ሹም መኪና በመያዝና ባለመያዝ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ቮልስዋገን የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የመኮንኖችና የመካከለኛ ባለሥልጣናት መኪና የሆነው በውበቱ አይደለም፤ ደመወዝ የሚችለው እርሱን ስለነበር ነው።

የትንሹ መኪና ድል ግን በይበልጥ የታየው በታክሲ ሥራ ነው። ሰዎች በጣሊያንኛ ስሙ ሴቼንቶ ይሉት የነበረው ፊያት 600 የአዲስ አበባ ታክሲ ሆኖ ለዓመታት አገልግሏል። ለታክሲ ባለቤት ቁጠባ እንጀራ ነው፤ ከቀኑ ገቢ ላይ ቤንዚኑ፣ ጎማውና ጥገናው ተቀንሶ የሚተርፈው ቤተሰብ የሚያድርበት ነውና። ሴቼንቶ ተሳፋሪውን አጨናንቆ ቢጭንም፣ ሞተሩ በሁለት ሰው ጉልበት ወጥቶ የሚገባ፣ መለዋወጫውም በመርካቶ በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ ባለታክሲው ትርፉን ለጋራዥ አስረክቦ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። የአንድ ድሃ ከተማ የትራንስፖርት አገልግሎት በ633 ሲሲ ሞተር ትከሻ ላይ መቆሙ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ከተሰጠው ቦታ የበለጠ ይገባዋል።

ይህ አገልግሎት በምን ያህል ጠባብ ትርፍ ላይ እንደቆመ ያጋለጠው የ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ቀውስ ነው። በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. የተነሣውን የዓረብና የእስራኤል ጦርነት ተከትሎ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3 ዶላር አካባቢ ወደ 12 ዶላር ገደማ አሻቀበ። የኢትዮጵያ መንግሥት በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋን በ50 በመቶ ሲጨምር፣ ባለታክሲዎቹ ግን የጉዞ ዋጋቸውን በዚያው ልክ እንዲያሳድጉ አልተፈቀደላቸውም። ጭማሪው በቤተ መንግሥቱ መኪኖች ላይ የሚያሳድረው ጫና በበጀት መዝገብ ውስጥ የሚዋጥ አንድ ቁጥር ነበር፤ በሴቼንቶ ነጂው ላይ ግን የዕለት ትርፉን በሙሉ የሚበላ ነበር። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ዕለት መምህራንም የመንግሥትን የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተቃውመው ተነሡ፤ ከጥር ወር ጀምሮ በነገሌ ቦረና የተቀሰቀሰው የወታደሮች እንቢተኝነትም እየተስፋፋ ነበር። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጁ ዋጋ እንዲቀንስ ማዘዛቸውን ቢያስታውቁም ማዕበሉ አልቆመም፤ ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የአብዮቱ ምክንያቶች ብዙና ጥልቅ ናቸው፤ መሬቱ፣ ረኃቡና የሥርዓቱ እርጅና ከነዳጅ በላይ ይመዝናሉ። ነገር ግን መዲናዋን በመጀመሪያው ሳምንት ቀጥ ያደረጋት የትንሽ መኪና ባለቤቶች የኪሳራ ስሌት ነበር።

ከሰባት ወራት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የደርግ መኮንኖች የሥልጣን ማውረጃውን ቃል ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካነበቡ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዷቸው በቮልስዋገን ነው። ይህ ትዕይንት ብዙ ጊዜ የሚነገረው የንጉሡን ውርደት ለማሳየት ቢሆንም፣ የያዘው ማኅበራዊ ትርጉም ከዚያ ይሰፋል። ለግማሽ ምዕተ ዓመት በሕዝብ ወጪ በሚነዱ መኪኖች ሲሄዱ የኖሩት መሪ በዚያ ጠዋት የገቡት የከተማዋ ደመወዝተኛ በራሱ ገንዘብ ይገዛው በነበረው መኪና ውስጥ ነው፤ ማኅበራዊው ርቀትም በዚያ በር በኩል ተለካ።

ደርግ በመጣ ጊዜ የግል ሀብት በአዋጅ ጠበበ፤ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የኪራይ ገቢ የነበረው የመኪና ገዥ መደብም አብሮ ተዳከመ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ስለነበረ አዲስ መኪና ማስመጣት ለጥቂቶች ብቻ ሲሆን፣ ያሉት መኪኖች ዕድሜያቸው እየተራዘመ ሄደ። በዚህ ዘመን የገባውና የከተማዋን ታክሲ ከሴቼንቶ የወረሰው ላዳ ነው። ላዳ በመነሻው ጣሊያናዊ ነበር፤ ሶቪየት ኅብረት በ1966 እ.ኤ.አ. ከፊያት ጋር ተዋውላ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶሊያቲ ከተማ ባቋቋመችው ፋብሪካ የተሠራው የመጀመሪያው ሞዴል ፊያት 124ን ተከትሎ የተሠራ ሲሆን፣ ለሩሲያ መንገድ እንዲስማማ ቆርቆሮው ወፈረ፣ ከመሬት ያለው ከፍታም ጨመረ። ለክረምትና ለበረዶ የታሰበው ይህ ጥንካሬ ለአዲስ አበባ ጉድጓድ ተስማማ። በጣሊያን ሞተር የሠለጠነው የከተማዋ መካኒክም ላዳን ሲከፍት ከሚያውቀው ነገር ብዙ አልራቀም ነበርና፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ላዳ ከደርግ ውድቀት በኋላ እንኳ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቆየ። ላዳ በነዳጅ ረገድ ከሁሉ ቆጣቢው አልነበረም፤ ያኖረው በሌላው የወጪ ዘርፍ ማለትም በጥገና ርካሽ መሆኑ ነው። የሐረር ፔጆ 404ም በዚሁ ምክንያት ከፋብሪካው ምርት ማብቂያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በታክሲነት ሲሠራ ኖሯል፤ በግንብ በተከበበችው ከተማ ያሉ ባለሙያዎች የመኪናውን እያንዳንዱን ክፍል አውቀውታልና።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ንግድ ሲፈቀድ የመኪና ገበያው ወደ ጃፓን ዞረ። በቅድሚያ ስም ያወጣው በከተማዋ ዲኤክስ እየተባለ የሚጠራው የቶዮታ ኮሮላ ሞዴል ነበር፤ ሞተሩ 1,290 ሲሲ ሆኖ በካርቡራተር የሚሠራ ቀላል ሞተር ነው። ከእርሱ በኋላ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ቪትስ፣ በአውሮፓ ገበያ ያሪስ የሚባለው፣ 1,000 ሲሲ የማይሞላ ሞተር ይዞ መጣ። በዱባይ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ያገለገሉ ቪትሶችን ገዝተው፣ የጃፓኑ መሪ በቀኝ በኩል ስለሆነ ወደ ግራ አስለውጠው በጅቡቲ በኩል ያስገቡ ነበር። ቪትስ ይህን ያህል የተወደደበት ምክንያት ከነዳጅ ቁጠባው ባሻገር በግብር ሕጉ ውስጥ ይገኛል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቤት መኪኖችን በሞተር መጠናቸው በሦስት ደረጃ ከፍሏቸው ነበር። ኤክሳይስ ታክስ መንግሥት የቅንጦት ናቸው በሚላቸው ወይም ፍላጎታቸው በዋጋ ንረት በማይቀንስ ዕቃዎች ላይ የሚጥለው ግብር ነው። በአዋጁ መሠረት እስከ 1,300 ሲሲ ያለው መኪና 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ያለው 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ የሆነው ደግሞ 100 በመቶ ይከፍል ነበር። የዚህ ደረጃ ክብደት የሚታወቀው ግብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተሰሉ ሲቆለሉ ነው፤ በቅድሚያ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ይጣል ነበር፤ ኤክሳይሱ የመኪናው ዋጋና ቀረጡ በተደመሩበት ላይ ይሰላ ነበር፤ በዚያ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በአጠቃላዩ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ በመጨረሻም በወደብ ዋጋው ላይ የሚታሰብ 3 በመቶ የቅድሚያ ግብር ይታከል ነበር። ውጤቱ ለትንሹ ሞተር ከወደብ ዋጋው 125 በመቶ፣ ለመካከለኛው 176 በመቶ፣ ለትልቁ ወደ 245 በመቶ የሚጠጋ ጠቅላላ ግብር ነበር። ለምሳሌ ወደብ ላይ 300,000 ብር የሚያወጣ ቪትስ ግብሩ ተከፍሎ 675,000 ብር ገደማ ሲደርስ፣ 1,200,000 ብር የሚያወጣ ባለትልቅ ሞተር መኪና ከ4,130,000 ብር በላይ ይደርስ ነበር፤ በወደቡ ላይ አራት እጥፍ የነበረው ልዩነት ከተማ ሲገባ ከስድስት እጥፍ ያልፍ ነበር። በዚህ ስሌት የ1,300 ሲሲ መስመር በኢትዮጵያ መካከለኛ ገቢ ባለው ቤተሰብና በሀብታሙ መካከል የተሰመረ ድንበር ሆነ።

ይህ ግብር ከብር የመግዛት አቅም መውረድ ጋር ሲገናኝ ያልተለመደ ነገር አስከተለ። በበለጸጉት አገሮች የቅንጦት መኪና ከባዱ ወጪ የዋጋ ቅናሽ ነው፤ መኪናው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመግዣ ዋጋውን ግማሽ ገደማ ሊያጣ ይችላል፤ ርካሹ መኪና ደግሞ የሚያጣው ከትንሽ መነሻ ላይ ስለሆነ ጉዳቱ ያነሰ ነው። በአዲስ አበባ ግን መኪና እያረጀ በብር ሲሸጥ ዋጋው የሚጨምርበት ዘመን ረጅም ሆነ። ብር በ1985 ዓ.ም. ከ2.07 ወደ 5 ብር በዶላር ወርዶ፣ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ እንደገና ተቀንሶ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በ15 በመቶ ሲዳከም፣ አዲስ ገቢ መኪና በውድ ምንዛሪ ስለሚመጣና ግብሩም በዚያ ላይ ስለሚሰላ፣ ቀድሞ የገባው ከዓመት ዓመት ተወደደ። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ቪትስን የገዛው ለመጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን ከዋጋ ንረት የሚያሸሽበት ንብረት አድርጎ ነው፤ ሊብሬውን፣ ይኸውም የባለቤትነት ደብተሩን፣ ከቤት ካርታ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠው ነበር። ትልቁ መኪናም ዋጋውን ይይዝ ነበር፤ ነገር ግን ሊገዛው የሚችል ሰው ጥቂት ስለሆነ በችግር ጊዜ ቶሎ የማይሸጥ ሀብት ነበር። ቪትስ ግን ማለዳ ለሽያጭ ወጥቶ ማምሻውን ሊሸጥ ይችል ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል ባለስምንት ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር፣ ሕዝቡ ቪኤይት የሚለው፣ የባለሥልጣን መለያ ሆኖ ወጣ። የናፍጣው ሞተር 4.5 ሊትር የሚይዝ ሲሆን ከ9 ሊትር በላይ የሞተር ዘይት ይፈልጋል፤ የቪትስ ሞተር 3 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ለገጠር መንገድ የተሠራ፣ በእውነትም ጠንካራ መኪና መሆኑ አይካድም፤ ወደ ቦረና ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚዘልቅ ባለሙያ ተገቢ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ከቤት ወደ ቢሮ የሚመላለሱት በአስፋልት ላይ ነበር፤ ወጪያቸውንም የሚችለው ኮድ 4 የሚል የመንግሥት ታርጋ የለጠፈላቸው ግምጃ ቤት ወይም ቀረጥ የማይከፍለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ነበር። ከውጭ አገር ለኑሮ ለሚመለሱ ኢትዮጵያውያንም ለተወሰኑ ዓመታት ከቀረጥ ነፃ መኪና የማስገባት መብት ተሰጥቶ ነበርና፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጡ ባለትልቅ ሞተር መኪኖች በዚህ በር ገብተዋል። ሕጉ ትልቁን ሞተር በ245 በመቶ ግብር ሲቀጣ፣ የትልቅ ሞተር ዋና ተጠቃሚ ግን ከዚያ ግብር ውጭ ቆሞ ነበር። ቅጣቱ በተግባር ያረፈው በራሱ ገንዘብ ሰፋ ያለ መኪና ሊገዛ በሚፈልግ ባለብዙ ልጅ ነጋዴ ላይ ነው፤ ይህ በሩብ ምዕተ ዓመት የመኪና ፖሊሲ ውስጥ ትልቁ ኢፍትሐዊነት እንደነበር መናገር ተገቢ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ስሌቱን ከሞተር መጠን ሌላ በመኪናው ዕድሜ ላይም መሠረተው። እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ አዲስ መኪና ኤክሳይሱ ከ30 ወደ 5 በመቶ ሲወርድለት፣ ብዙ ዘመን ባገለገለ መኪና ላይ ግን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ተጣለ። ዓላማው የአካባቢ ብክለትንና የትራፊክ አደጋን መቀነስ ነበር። ይሁን እንጂ የደመወዝተኛው መኪና እስከዚያ ድረስ ያገለገለው ቪትስ እንጂ አዲሱ አልነበረም፤ አዲሱን ለመግዛት ደግሞ ኤክሳይሱ ቢቀንስለትም የፋብሪካ ዋጋውንና ምንዛሪውን አልቻለም። ያገለገሉ ትንንሽ መኪኖች መምጣታቸው ሲቀንስ በአገር ውስጥ ያሉት ዋጋቸው ናረ፤ ተሳፋሪን በስልክ መተግበሪያ የሚያገናኙት ራይድና ፈረስ የመሳሰሉ አገልግሎቶች በተስፋፉበት ጊዜ ደግሞ ቪትስና ያሪስ እንደቀድሞው ሴቼንቶ የገቢ ምንጭ ሆኑ።

ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ ሁለተኛው ዋጋ እንደገና ፊት ለፊት ወጣ። በሐምሌ ወር 2022 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ36.87 ወደ 47.83 ብር ከፍ አለ፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ጭማሪው ቀጥሎ ዋጋው በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜው ዋጋ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቪትስ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 6,700 ብር ገደማ የነዳጅ ወጪ ሲኖረው፣ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ቪኤይት፣ የናፍጣውና የቤንዚኑ ዋጋ ተቀራራቢ ሆኖ ሲታሰብ፣ ከ14,000 ብር በላይ ይጠይቅ ነበር። የመጀመሪያው አኃዝ እንኳ ከበርካታ የመንግሥት ሠራተኞች የወር ደመወዝ ጋር የሚወዳደር በመሆኑ፣ ትንሹ መኪና ራሱ ከደመወዝተኛው እጅ መውጣት ጀመረ።

ይህንን ሁሉ ዘመን የኖረውን የሞተር መጠን ሕግ የሚያልፈው አዲስ ነገር ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ ሙሉ ለሙሉ ተሠርተው በሚገቡት ላይ የ15 በመቶ ቀረጥ ብቻ አስቀረ፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሲ የለውም፤ ስለዚህ በ1,300 እና በ1,800 የተሠመሩት ድንበሮች ለእርሱ ትርጉም አይሰጡም። ከቻይና የሚመጣው ባለሰባት መቀመጫ ቮልስዋገን አይዲ 6 በ15 በመቶ ቀረጥ ሲገባ፣ ቪትስ በ1995ቱ ሥርዓት ከከፈለው 125 በመቶ ጋር ሲነጻጸር የትልቁና የትንሹ መኪና የግብር ልዩነት በ2022ቱ ሥርዓት ፈጽሞ ተገልብጦ ነበር፤ የወር የኃይል ወጪውም ከቤንዚን በብዙ ያነሰ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የወጪው ሚዛን የሚያርፈው በባትሪው ነው፤ የባትሪው ዕድሜ፣ የመተኪያ ዋጋውና ከስምንት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ መኪናውን የሚገዛ ሰው መኖር አለመኖሩ። ቮልስዋገንን ያኖረው በየሰፈሩ የነበረ መካኒክ ሲሆን፣ ላዳን ያኖረው በመለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ባትሪ የሚከፍቱና የሚጠግኑ ወጣቶች በአዲስ አበባ መታየት ጀምረዋል፤ የዚህ ዘመን ትንሽ መኪና የትኛው እንደሆነ የሚወስነውም እነርሱ የሚያስከፍሉት ዋጋ ነው።